«አንድ ተሳታፊ»

ጣና ዳር፣ ደልጊ ላይ የጠፋበትን የሚፈልግ ሰው አይታጣም። በሬ የጠፋበት አለ፣ መረብ የጠፋበት አለ። የባሰበት ግን ስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል የጠፋበት ነው። በሬ ምልክት አለው፣ መረብንም ባለቤቱ ያውቀዋል። ቃል ግን አንዴ በቃለ ጉባኤ ካለፈ የወለደው አፍም አይለየው።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። እጅ ይወጣል። ሰብሳቢው «አጠር ቀጠን አድርገው» ይላሉ። ሲያጥር ጉዳዩ ይቀራል፣ ሲቀጥን ይበጠሳል። በመጨረሻ ሪፖርቱ ይነበባል፦ «ከተሳታፊዎች ገንቢ አስተያየት ተሰጥቷል።» ግንበኛው ማን ነበር? ግንቡስ የት ቆመ?

እንግዲህ አንድ አያ የተናገሩትን ፍለጋ መዝገብ ቤት ገቡ እንበል።

«ልጄ፣ መንገዱ ክረምት በገባ ቁጥር ይቆረጣል ብዬ ነበር። የት ጻፍኸው?»

«'መሠረተ ልማትን በተመለከተ' በሚለው ተጠቃሏል፣ አያ።»

«መጠቃለሉንማ ጭቃው ነግሮኛል። እምቦጩስ? በ2004 ዓ.ም. በማዶው ዳር ታየ ሲባል ሰማን፤ እኛም ዳር ሳይደርስ እንዘጋጅ አላልሁም?»

«እሱ 'የአካባቢ ጥበቃ' ተብሏል።»

«በስሙ ያልጠራኸውን አረም በምን ትነቅለዋለህ? ደግሞ ስሜ የት አለ?»

«እዚህ ጋ፤ 'አንድ ተሳታፊ' ይላል።»

«ግብር ስከፍል ከነአያቴ ትጽፈኛለህ፤ ስናገር አንድ ተሳታፊ ሆንሁ?»

«ቅር ካለዎት የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ኃላፊው ጋ።»

«የኔም ሐሳብ ስለ ኃላፊው ነው። እንግዲያ በአፌ ልንገራቸው፤ ሳጥኑን ምን አደከመው?»

አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ቃለ ጉባኤ አላዩም! የዘንድሮው ነገር ተገልብጧል፦ በቃል ያለውን መንደሩ ሁሉ ያስታውሰዋል፣ የተረሳው የተጻፈው ነው። በጥንቱ ሙግት ባለጉዳይ ቆሞ «በልሃ ልበልሃ» ብሎ ሲሟገት ሸንጎው ሁሉ ጆሮ ነበር፤ የሰውን ቃል በሦስት ቃል አጥፎ ኪሱ የሚከት አልነበረም።

ያኔ ሁሉ ደህና ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ከዚሁ ከጣና ወዲያ የአቸፈሩን ደራሲ አቤ ጉበኛን አስታውሱ። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ፤ ባለታሪኩ ከማኅፀን ሆኖ አልወለድም የሚል ፅንስ ነው። መጽሐፉ ግን ተወለደ፣ ተወልዶም ታገደ። ፅንሱ የፈራው አልቀረለትም! ቢሆንም ለዚያ ዘመን ሳንሱር አንድ ነገር እመሰክርለታለሁ፦ ለማገድ ሲል ያነብ ነበር። ዛሬ የሚያጠቃልለው ሳያነብ ያመሰግናል።

ሳንሱርን የፕሬስ አዋጁ፣ ቁጥር 34/1985፣ አስቀረው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከለከለው። ማጠቃለልን ግን የከለከለ አዋጅ የለም። ሰብሳቢም ይህን ስለሚያውቅ አያግድም፣ «ጨምቆ ያቀርባል»።

ለሰብሳቢ ደግሞ ፍርድ አናጓድል። እሱ ባይኖር ማይክ የጨበጠ ሁሉ አዳሩን ከኛ ጋር ያደርገው ነበር። የጎረቤታችን ንግግር ሲቆረጥ «ደግ አደረገ!» ብለን የምናጨበጭብ እኛው ነን፤ ዴሞክራሲ ትዝ የሚለን የራሳችን ሲቆረጥ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብለን አፋችንን ለጉመን ወጥተን፣ ቡና ላይ ስንቀመጥ አንደበታችን ይፈታል። ቡና ላይ ጸሐፊ የለም።

መላ የለም እንዳትሉ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ መንግሥት ቤት የተቀመጠውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። መልሱም በመደበኛው ከ30 ቀን ማለፍ የለበትም። እምቢ የተባለ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እንባ ከማፍሰስ በፊት ግን ርካሽ መድኃኒት አለ፦ ቃለ ጉባኤው እዚያው፣ ሰው ሳይበተን ይነበብ፤ የተናገረ ሰው «ይህ የኔ ነው፣ ይህ የኔ አይደለም» ይበል። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ለመክፈቻ ንግግር ከሚሄደው ያነሰ።

ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚሆነውን ወደ አያ ተመልሰን እንስማ።

«አያ፣ አይድከሙ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው፤ የእርስዎም ፊርማ ይኸው።»

«የፈረምሁትማ መምጣቴን ነው።»

«መጥተው ካልተቃወሙ ተስማምተዋል ማለት ነው።»

«ተቃውሜማ ነበር፤ አንተ ነህ ያጠቃለልኸኝ። በል ብዕሩን ወዲህ በል፣ የጎደለውን ልጨምር።»

«ከተፈረመ በኋላ መጨመር አይቻልም።»

«ሲቀነስ እንዴት ተቻለ?»