ያስሞሉትን ጥርስ እስከ ማስነቀል

ቢቸና ወይም ሞጣ ያደገ ሰው ሕመም መቻል አይነገረውም። ስለዚህ ይህ ምክር ለጀማሪ አይደለም። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሄዶ መንጋጋ ጥርሱን ላስሞላና የከፈለበትን ሥራ ከንቱ ለማድረግ ለቆረጠ ነው።

ጥፋቱ የሚጀመረው ከወንበሩ ሳይነሱ ነው። ሐኪሙ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት በጥርስዎ መካከል ያስገባና «ይንከሱት፤ ከፍ ብሎ ይሰማዎታል?» ይላል። ከፍ ብሏል። ግን ሐኪሙ ስንት ደክሟል! ውጭም ወረፋ የያዘ ሰው አለ። «ኧረ ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይነሱ። ትርፉን ሙሌት ሞርዶ ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቀዎት እርስዎም በቅጡ አያውቁትም። «ሲለቀኝ ካልተመቸኝ ተመልሼ ልምጣ?» ብሎ መጠየቅ ግን ክልክል ነው፤ ሰው ምን ይላል?

ማታ ከንፈርዎ እንደ ደነዘዘ ሽምብራ ቆሎ ይቆርጥሙ፤ ምላስዎን ነክሰው ቢያደሙትም አይሰማዎትም። ከጸጉር የማይወፍር ትርፍ ሙሌት እንኳ ባላመጡ ቁጥር መጀመሪያ የሚመታው እሱ ስለሆነ፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የያዘው ጅማት ይቆጣል። ያን ጊዜ ወደ ሌላው ጎን ያዙሩና ለወራት በአንድ ወገን ብቻ ያላምጡ። ሌሊትም ጥርስዎን ግጥም አድርገው ይደሩ። በዚህ መንገድ መንጋጋው ጆሮ ሥር ቋ ቋ ማለት ይጀምራል፣ ራስን ይወጋል፤ የጥርሱ ጉዳይ የአገጭም የራስም ይሆናል።

አሁን ዋናው መርሕ፦ ለሐኪሙ ዝም፣ ለመንደሩ ሁሉ ወሬ። አዴትን አቋርጦ ባሕር ዳር ለመመለስ የመኪናው ዋጋ ያሳስባል፤ ጎረቤት ግን ነጻ ነው። አንዱ ቅርንፉድ ያመጣል፤ እውነቱን ለመናገር ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ስለዚህ መመለሻዎን ለማዘግየት ይጠቅማል። ሌላው አረቄ ያዝልዎታል። አንዲት እናት ደግሞ የእምቧይ ፍሬ አጭሰው የጥርስ ትል ሊያወጡልዎ ይመጣሉ። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ትል ፈልጎ እንዳጣው ጽፏል። ምናልባት እምቧይ ስላላገኘ ይሆናል።

ቀጥሎ መድኃኒት ቤት። አሞክሳሲሊን ሁለት ፍሬ ይግዙ፣ ሲሻልዎ ይተዉት። የተቆጣ የጥርስ ነርቭን ሕመም እንደማያስታግስ ማንም እንዳይነግርዎት። ለጥዝጣዜው ዳይክሎፌናክ ይጨምሩበት፤ ዐቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ ይዋጡት፤ ጨጓራዎም ከጥርስዎ ጋር ማኅበር ይግባ።

ካስሞሉ በኋላ ለጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ቢያምዎት ያለ ነው። ይህችን እውነት ይያዙና ለስድስት ወር ይጠቀሙባት። ቀዝቃዛው ውሃ ከተዋጠ በኋላ ሕመሙ ደቂቃዎች ቢቆይም፣ ሳይነኩት በራሱ ቢነሳም፣ ጋደም ሲሉ ብሶ ከእንቅልፍ ቢቀሰቅስዎትም «ገና ነው፤ ይለምደኛል» ይበሉ። ነርቩ እየሞተ መሆኑን የሚናገረው በዚህ ዓይነት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሥር ሕክምና ቢደረግለት ጥርሱ ሊተርፍ ይችላል። አንድ ቀን ድንገት ጸጥ ይላል። ደስ ይበልዎት! ነርቩ ሞቷል። መግሉ እስኪሰበሰብ የዕረፍት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያለ ፌዝ ልናገር። ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው፤ ይህ እብጠት ጉሮሮ ዘግቶ ይገድላል። የመንጋጋው ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ነገሩ የልብ እንጂ የጥርስ ላይሆን ይችላል።

ወደ ምክሬ ልመለስ። የቀረዎት ማስነቀል ነው። ሲሄዱ የትኛው ጥርስ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይናገሩ፤ የታችኛው ሕመም ላይኛው ላይ፣ የላይኛውም ታችኛው ላይ ሊሰማ እንደሚችል አይርሱ፤ ሐኪሙ ግን ይርሳው። ራጅ እናንሣዎት ቢሉ «ምን ያደርጋል፣ እኔ አውቀዋለሁ» ይበሉ።

ሕመምዎ ፊት ሲታጠቡ ወይም ነፋስ ሲነካዎት እንደ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚነዝር ከሆነማ ታድለዋል። ይህ የፊት ነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የራሱ መድኃኒት አለው፣ ጥርስ በመንቀል አይለቅም። እርስዎ ግን አንዱን ያስነቅሉ፣ ካልተወዎት ጎረቤቱን፣ ከዚያ ቀጣዩን። የታቹ ሲያልቅ ከላይ ይጀምሩ።

እንግዲህ ልምድ አካብተዋል። ትናንት ጥርሱን አስሞልቶ የመጣ ሰው ጉንጩን ይዞ በደጅዎ ሲያልፍ ካዩ ይጥሩት። «አያ፣ ወዴት ነው ሩጫው? ባሕር ዳር ምን ሊያደርጉልህ? ና ግባ!» ይበሉት። ቅርንፉዱም ገና አላለቀም።