የጳጉሜ ሠዓሊዎች

በእንቁጣጣሽ ዕለት ሥዕሉ ሳይሸጥለት የሚያድር ሠዓሊ የለም። በሌላው ጊዜ ስመ ጥሩ ሠዓሊ ዐውደ ርእይ ከፍቶ፣ ጋዜጠኛ ጠርቶ ገዢ ያጣል፤ መስከረም 1 ጠዋት ግን የፊት ጥርሱ የወለቀ ሠዓሊ በር አንኳኩቶ፣ «እንኳን አደረሳችሁ!» ብሎ፣ ሥራውን ጨርሶ ይገባል። ዋጋ አይጠራም። ሥዕሉን እጅዎ ላይ ያኖርና ቀና ብሎ ዓይን ዓይንዎን ያያል። እንዲህ ካለው ነጋዴ ተከራክሮ ያሸነፈ አባወራ እስካሁን አላየሁም።

ሴቶቹ አበባየሆሽን ሲለማመዱ ወንዶቹ ጳጉሜን ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍተው ይከርማሉ። አደይ አበባና ፀሐይ ለጀማሪ ነው። ደፈር ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስን ይሞክራል። ፈረሱ ነጭ ስለሆነ ቀለም አይፈጅም፤ ወረቀቱን እንዳለ መተው ነው። አስቸጋሪው ዘንዶው ነው፤ በሰፈራችን ልጆች እጅ ዘንዶው ጦር ተሰክቶበትም ይስቃል። ዛፍ ላይ የወጣችው ቤሩታዊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወረቀት አልቆባት ትቀራለች።

ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ የምመክረው መልአክ ነው። ዕለቱም የቅዱስ ራጉኤል በዓል ስለሆነ ያስኬዳል። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ይነጠፋል (ይህን የዘለለ ቤተሰብ የጠረጴዛ ልብሱን ይሰናበት)። አንድ ሉክ ወረቀት መሐል ለመሐል ታጥፎ ይዘረጋል። በአንደኛው ጎን ብቻ፣ ከእጥፋቱ ጠጋ ብሎ፣ ወፈር ያለ የውኃ ቀለም ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ሳይደርቅ ይታጠፍና በመዳፍ ደባበስ ይደረጋል። ሲገለጥ ሁለት እኩል ክንፍ! ልጁ ራሱ አድርጎት ራሱ ይደነግጣል። ሲደርቅ መሐሉ ላይ ክብ ፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ዙሪያውን ቢጫ አክሊለ ብርሃን። በቃ።

«እጅና እግሩስ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። እሱ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግባና ቀና ብሎ ይመልከት። ጣሪያውን የሞሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ የጎደለ ነገር አለ ብሎ ያማረረ ጎብኚ አልሰማሁም። ጣት ለመሣል ሞክሮ ስድስተኛው ያመለጠው ሰው የጎንደሮቹን ጥበብ ይረዳል።

የሚስቴ ወንድም ግን መሐንዲስ ነው፤ ያልተለካ ነገር ያሳክከዋል። የልጄን መልአክ አይቶ፣ «ሁልጊዜ ፊት ለፊት ብቻ ነው እንዴ የሚያየው?» አለና እርሳስ ተቀብሎ በጎን የዞረ መልአክ ሣለለት። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ አገጩ የተለካ፤ በእውነት ያምራል። ልጁ ወረቀቱን አዙሮ ጀርባውን ሳይቀር አየው።

«አጎቴ፣ ሌላኛው ዓይኑስ?»

«በወዲያ በኩል ነዋ፤ አይታይም።»

«እንግዲያው ሰይጣን ነው።»

ሰንበት ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ግድግዳ እያየ ነው ያደገው። በነባሩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን የሚቀርለት የክፉዎቹ ወገን ነው። መሐንዲሱ መልስ አልነበረውም። ድካሙ ግን ከንቱ አልቀረም፤ ልጁ ቀንድ ቀጠለለትና ከራሱ መልአክ ሥር ለጠፈው።

እኔን የሚያናድደኝ ፎቶ ኮፒው ነው። አንድ ሥዕል ተባዝቶ፣ እዚህም እዚያም ከለር ነካ ነካ ተደርጎ ሰፈሩን ያዳርሳል። ፎቶ ኮፒ ላመጣ ልጅ ድፎ ዳቦ እቆርሳለሁ፤ ብር የሚወጣው ግን ቀለሙ እስከ ክርኑ ለደረሰው ነው።

የጎረቤታችን ልጅ እንዲያ ሆኖ መጣ። መልአኩ አንዱ ዓይን ከሌላው ይበልጣል፤ ክንፉ ግን ልክ ነው።

«ጎሽ! የትኛው መልአክ ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የትኛውን ይወዳሉ?»

«ዛሬ እንኳ የራጉኤል ቀን ነው።»

«ራጉኤል ነው።»

አሥር ብር ሰጠሁት። ብሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ለራጉኤል?» አለኝ።