ምንም ወጪ የማትጠይቅ፦ ስለ ወርቃ ላንድክሩዘር የቀረበ ጥናት

ያገለገለ ላንድክሩዘር ማለት በጌዴኦ ዞን፣ በተለይም በገደብ ወረዳ በወርቃ አካባቢ እንደሚታወቀው፣ ብዙ ሾፌር ያሳለፈ፣ ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት ያስረጀውና በመጨረሻ በቡና አቅራቢ እጅ የሚወድቅ ባለአራት ጎማ ንብረት ነው። አቅራቢ የሚባለው ከገበሬው እሸት ቡና ገዝቶ፣ አሳጥቦ ወይም አድርቆ ለገበያ የሚያወጣ ነጋዴ ነው። ስለ አካባቢው ቡና ብዙ ስለተጻፈ ወርቃ ሳካሮና ጨልበሳ የሚሉት ስሞች በውጭ አገር የቡና ከረጢት ላይ ታትመው ይነበባሉ፤ የጌዴኦ መልክዓ ምድርም ራሱ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቡናውን ነጋዴ፣ ሚዛኑንና የብሩን ከረጢት ተሸክሞ ያንን መልክዓ ምድር በአንደኛ ማርሽ የሚወጣው መኪና ግን እስካሁን አጥኚም መዝጋቢም አላገኘም።

ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቶዮታ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ቢጄ በሚል ስም የሠራውን መኪና፣ ላንድ ሮቨር ከሚባለው እንግሊዛዊ ተፎካካሪ በክብር በማያንስ ስም ለመጥራት ፈልጎ ላንድክሩዘር አለው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ በየብስ ላይ የሚንሸራሸር እንደ ማለት ነው። በሚያዝያ ጭቃ ከወርቃ ወደ ጨልበሳ የተጓዘ ተመራማሪ ግን ትርጉሙ ሁለት ፊደል እንደሳተ፣ ትክክለኛውም የሚንሸራተት እንደሆነ ለመረዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። የኢትዮጵያ ገበያ በበኩሉ ለዝርያዎቹ ጃፓን የማታውቃቸውን ስሞች ስለሰጠ አንዱ ኮብራ ተብሎ የእባብ ስም ወርሷል፤ ባለስምንት ሲሊንደሩ ቪ ኤይት የሹመት ምልክት ሆኖ ስለኖረ በወርቃ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ነው። የዚህ ጥናት ዋና ትኩረት ከኋላ ተሳፋሪን በሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የሚያፋጥጠው፣ ሃርድ ቶፕ የሚባለው ዝርያ ነው። በብዛት የሚሸከመው ሞተር፣ መካኒኮች ዋን ኤች ዜድ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ ባለስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም ማለት አየር በግድ የሚግተው መሣሪያ ስለሌለው የሚተነፍሰው እንደ ማንኛውም ሽማግሌ በራሱ ሳንባ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህም ዳገት ላይ ቀስ ይላል፣ ቀስ ስለሚልም ዕድሜው ይረዝማል።

እንስሳው ወደ ጌዴኦ የሚደርሰው በእርጅናው ነው። ወጣትነቱን በእርዳታ ድርጅት ወይም በመንግሥት ሰሌዳ ያሳልፋል፤ ከዚያ በጨረታ ይወጣና በአዲስ አበባ ቀለም ተቀብቶ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ ዲላ ይገባል። ሕጉም ለዕድሜው ትኩረት አልነፈገውም፦ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር የበለጠ እንዲከፍል ስላደረገ፣ ሽበትን ማክበር ባህል በሆነበት አገር ሽበትን በመቶኛ ያሰላ የመጀመሪያው ሰነድ ሳይሆን አይቀርም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ የናፍታው ላንድክሩዘር ከውጭ የማይተካ፣ በአገር ውስጥም የማይራባ ፍጡር ሆነ፤ ዋልያ በዚህ ረገድ የተሻለ ተስፋ አለው።

ሽያጩ የሚፈጸመው በደላላ ሲሆን የደላላ ቋንቋ ራሱን የቻለ ሰዋስው አለው። ዋነኛው አንቀጽ «ምንም ወጪ አትጠይቅም» የሚለው ሲሆን በርካታ ገዥዎች የተጎዱት ግሱን በጥንቃቄ ባለማንበባቸው ነው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ መኪናዋ አትጠይቅም፣ ትወስዳለች። ጾታውም እንዲሁ ሊጠና ይገባዋል። አማርኛ ግዑዝ ነገርን ሲያቆላምጥ ሴት ስለሚያደርግ፣ በሽያጩ ዕለት መኪናው «እሷ» ነው፤ ደላላው «ጋሼ፣ ይግቡና ይንዷት፣ የሐኪም መኪና ናት፣ ጭረት የላትም» ይላል፣ ሻጩም የሚድር አባት መስሎ በዝምታ ይቆማል። ስም እስኪዞር ድረስ፣ ማለትም ሊብሬ የሚባለው የባለቤትነት ደብተር በገዥው ስም እስኪጻፍ፣ ጾታው ጸንቶ ይቆያል። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሲቆም ግን ባለቤቱ «ይሄ ቆርቆሮ» ብሎ ወደ ወንዴ ጾታ ይመልሰዋል፤ መኪናው ዳግመኛ ሴት የሚሆነው ባለቤቱ ሊሸጠው ያሰበ ቀን ነው። ይህን ሽግግር የመዘገበ የሰዋስው መጽሐፍ እስካሁን አልታየም።

ከሽያጩ በፊት ምርመራ አለ፤ ይህ ክፍል በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ገዥው የራሱን መካኒክ ይዞ ይመጣል፣ ሻጩም በአጋጣሚ እዚያ የተገኘ ሌላ መካኒክ አያጣም። የገዥው መካኒክ በሩን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ከተመለሰ ላሜራ ነው፣ ታፍኖ ከቀረ ግን ስቱኮ ነው። ስቱኮ ማለት የተጨራመተ ላሜራ የሚሞላበት፣ ተሞርዶም በቀለም የሚሸፈን ልስን ሲሆን አንዳንድ በር ላይ ከብረቱ ይልቅ እሱ ይበዛል። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈታል፤ ከቀዳዳው ቀጭን እስትንፋስ ከወጣ ደህና ነው፣ ጭሱ እየተገፋ ከተንቦለቦለ ግን የፒስተኑ ቀለበቶች ተበልተው የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ እያፈተለከ ነው። በዚህ ጊዜ በአጋጣሚ የተገኘው መካኒክ «ይሄ ለናፍታ ያለ ነው» ይላል። ገዥው በዚህ ሁሉ መካከል መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሮ አንዱን ጎማ በእግሩ ይመታል፤ ከጎማው ምን መልስ እንደሚጠብቅ ግን አይታወቅም።

የተገዛው መኪና በማግሥቱ ጋራዥ ይገባል። በዲላ ጋራዥ የሚነገረው ቋንቋ በግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ቴስታታውንና ማርሚታውን ጥሎ ስለሄደ፣ ጃፓን የሠራችውና የዱባይ ዕቃ የሚገጠምለት ላንድክሩዘር በጌዴኦ ምድር የሚታከመው በሮማ ቃላት ነው። ቦኮላ በብረትና በብረት መካከል ገብቶ ንዝረት የሚውጥ ጎማ ሲሆን፣ በወርቃ መንገድ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው። ከመነዳሪ የጎማ ውስጠኛ ፊኛ ነው፤ በሕይወት ሳለ አየር ይይዛል፣ ከሞተ በኋላ ግን ተተልትሎ ቱቦ፣ ባትሪ፣ አንዳንዴም በር ያስራል፤ ጠቃሚ ሥራውን የሚጀምረው ከሞተ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጋራዡ ሁለት ሐረጎች ይዘወተራሉ። አንዱ «ማነው የነካካው?» የሚለው ሲሆን ማንኛውም መካኒክ ኮፋኖ በከፈተ ቁጥር ስለ ቀዳሚው መካኒክ የሚያቀርበው ክስ ነው፤ ቀዳሚው እሱ ራሱ በሆነበት አጋጣሚም ቀርቧል። ሁለተኛው «ለጊዜው» ይባላል። ለጊዜው ተብሎ የታሰረ ሽቦ ከሁለት ባለቤት በላይ እንደሚቆይ፣ ለዘለቄታው ተብሎ የተገጠመ ዕቃ ግን ወናጎ ሳይደርስ እንደሚጮኽ የሚያውቁ ያውቁታል። ዲላ ያልተገኘ ዕቃ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የዚያ ዕቃ ዋጋ ሲጠየቅ ሻጩ አስቀድሞ ወንበር ያቀርባል።

ከዚህ ጥናት ግኝቶች ሁሉ ጠንካራው የሕመሙን ወቅት የሚመለከት ነው። ላንድክሩዘሩ ከየካቲት እስከ መስከረም፣ ባለቤቱ ገንዘብ በሌለው ጊዜ፣ በሽቦውና በከመነዳሪው ታስሮ ያለ ቅሬታ ይሠራል። እሸት ቡና መቅላት ሲጀምርና ባለቤቱ ለግዥ ተበድሮም ይሁን ሸጦ ብር ሲይዝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ራዲያተሩ ያንጠባጥባል፣ ካምቢዮው ሦስተኛን አልቀበልም ይላል። መካኒኮች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት፣ በቡና ወቅት መኪናው ሌሊትና ቀን ስለሚሠራ፣ ከአቅሙ በላይ ስለሚጫን፣ ዳገቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን እየተረገጠ ስለሚወጣ የሸራው መበላት አይቀርም የሚል ነው። ማብራሪያው ምክንያታዊ ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ ቡናው ሳይበስል፣ ባንክ ብድሩን በለቀቀ ሳምንት የታመመውን አያስረዳምና። ስለዚህ ላንድክሩዘር ብር ይሸተዋል የሚለው የባለቤቶች አስተያየት፣ ሌላ ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ፣ ተቀባይነት ሊኖረው ይገባል። ከእንሰት ጋር ማነጻጸርም ይረዳል። እንሰት ለዓመታት ተኮትኩቶ በመጨረሻ ቤተሰብ ይመግባል፤ ላንድክሩዘር በተቃራኒው በየዓመቱ ቤተሰቡን እየበላ ያድጋል፣ ሆኖም ሁለቱም ደጅ ላይ ሲታዩ ባለቤታቸውን ያስከብራሉ፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚፈለገው ግን ሁለተኛው ነው።

መሞት እንኳ በወጉ አይሞትም። ሞተሩ ከሌላ መኪና፣ ካምቢዮው ከሦስተኛ፣ በሩ ከአራተኛ ተወስዶ የተገጠመለት ላንድክሩዘር፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር እስካልተፋቀ ድረስ ያው ላንድክሩዘር ነው። ሻንሲው ራሱ ከተሰበረ ጋራዥ ጥግ ይቆምና ለሌሎች ዕቃ ሲያዋጣ ይኖራል። እዚያው ጌዴኦ ውስጥ የሚገኙትን የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ማን እንዳቆማቸውና ለምን እንዳቆማቸው ዛሬ እየተጠየቀ እንዳለ ሁሉ፣ እነዚህ ያለ ጎማ በግንድ ላይ የቆሙ ቦዲዎችም ወደፊት ሃይማኖታዊ ትርጉም ሳይሰጣቸው አይቀርም።

ይህን ሁሉ አንብቦ ሳለ አሁንም ሊገዛ ወደ ዲላ የሚወርድ አንባቢ ቢኖር፣ ቀጠሮው ለሦስት ሰዓት ከሆነ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይድረስ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ መዳፉን ኮፋኖው ላይ ያሳርፍ። ብረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሞተሩ እፊቱ ይነሣለት፤ ሞቆ ካገኘው ግን ሌሊት ተገፍቶ የተነሣ ነውና፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ይመለስ።