ወርቅ ፍለጋ

የእኛ የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ በዋሸራ የቅኔ ቤት ዓመታት ፈጅቶ ነው ሰምና ወርቁን የሚለየው። አሜሪካዊው ኖርማን ግሪንባም ግን የ«ስፒሪት ኢን ዘ ስካይ»ን ግጥም ለመጻፍ፣ ራሱ እንደተናገረው፣ 15 ደቂቃ በቅቶታል። ኢየሱስን ወዳጁ ያደረገበት የዚህ የ1969 (እ.ኤ.አ.) የሮክ ዘፈን ደራሲ አይሁዳዊ ነው፤ መነሻውም ቴሌቪዥን ላይ ያየው መዝሙር። ዘፋኙ «ኃጢአት የሚባል አያውቀኝም» ባይ ነው፤ የንስሐ አባት አጠገቡ አልነበሩማ! አድማጩ ምን ገዶት? በዚሁ ዘፈን ሬሳ የሚሸኙ አሉ።

እኔስ ብሆን? ትናንት ታክሲ ውስጥ ስለከዳችው ልጅ የሚያለቅስ ዘፈን ሰምቼ፣ «ወርቁ ስለ ነፍስ ነው» እያልኩ ለጎረቤቴ ሳብራራ፣ ወያላው ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ሒሳብ!» አለኝ።