የምረግመው አጣሁ

እኔ 73 ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ነገር ሲወረስ አይቻለሁ፤ መሬት ሲወረስ፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ። በስተርጅና፣ በሰው አገር፣ ፍራንክፈርት ላይ የተወረሰብኝ ግን በአዋጅ አይደለም። የወረሰብኝ የገዛ ልጅ ልጄ ነው። የተወረሰውም የምረግመው ኩባንያ ነው።

ኮሪደራችን ላይ፣ ከስልኩ መስመር አጠገብ፣ አንዲት ጥቁር ሳጥን ነበረች። ራውተር ይሏታል። ኢንተርኔት የሚሸጥልን ኩባንያ፣ ስሙ ይቆየንና፣ በየወሩ ኪራይ እየቆረጠ ያስቀመጣት ናት። ደስ ሲላት ትሠራለች፤ ሲከፋት ቀይ መብራቷን ታፈጣለች። በተለይ እሑድ እሑድ፣ ባለቤቴ ቅዳሴውን በስልኳ ስትከታተል፣ ልክ ካህኑ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ድርግም! ያኔ ቤታችን አንድ ይሆናል። ልጄ ከሌሊት ተረኛነቷ ተመልሳ ከተኛችበት ክፍል ትራገማለች። ባለቤቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «የእጃቸውን ይስጣቸው!» ትላለች። እኔ «አሜን» እልና ስልኩን አነሣለሁ።

ያን ስልክ ማንም አይሻማኝም ነበር። 40 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ አንዷ ታነሣለች፤ ከዚያ እንጀምራለን። ጀርመንኛዬ የተቃናው እዚያ ላይ ነው። የማታ ትምህርት ቤት «ይህ ወንበር ነው፣ ያ መስኮት ነው» ብቻ ነበር ያስተማረኝ፤ «ይህን በዝምታ አላልፈውም፣ አለቃዎን ያቅርቡልኝ» ማለትን የተማርኩት ከኩባንያው ጋር ስነታረክ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ያስፈልገዋል። የእኔ ሥራ ያ ነበር።

ታዲያ የልጅ ልጄ፣ 16 ዓመቱ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሌላ ጥቁር ሳጥን በ10 ዩሮ ገዝቶ መጣ። የኪራይዋ የኩባንያው ንብረት ስለሆነች አትነካም፤ ይቺኛዋ የራሳችን ናት፤ ፈርምዌሯን አውጥቼ ሌላ እጭንባታለሁ አለ። ፈርምዌር ማለት በሳጥኗ ሆድ ውስጥ ሆኖ «እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ» የሚላት ሶፍትዌር ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ «አንተ» እያለ ነው። ምድር ቤት ላሉት ጀርመናዊት አሮጊት «ዚ»፣ እርስዎ ማለቱ ነው፣ ማለት አንድ ቀን አይረሳም፤ አያቱ ጋ ሲደርስ ክብር ያልቅበታል።

የከነከነኝ ግን «አንተ»ው አይደለም። እኔ አገር ቤት ሳለሁ 27 ዓመት የቴሌ ሰው ነበርኩ። ጠጉሬ የሸበተው የስልክ እንጨት ላይ ተሰቅዬ መስመር ስቀጥል ነው። ደንበኛ ቤት ገብቼ የስልኩ ሆድ በካቻቢቴ ተፈትቶ ካገኘሁ፣ የተፈላልኝን ቡና ሳልቀምስ ነበር የምወጣው። ሰውዬው ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ቁጥሩን ያሽከርክር እንጂ ከዚያ ወዲያ ምን ጥልቅ አደረገው? ይህን ስነግረው ያደገ ልጅ ነው እንግዲህ የኢንተርኔት ሳጥን ሆድ ሊገለብጥ የመጣው። ደግሞ ካቻቢቴ እንኳ አልያዘም። አንድ ገመድና ላፕቶፕ ብቻ። ለመቆጣት ራሱ አይመችም።

«ሕጉ ይፈቅዳል አባባ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አጣራሁ። እዚህ ጀርመን ድሮ ብዙ ኩባንያዎች የራሳቸውን ራውተር ካልሰካህ አይሆንም ይሉህ ነበር፤ «ራውተርትስቫንግ» ይሉት ነበር፣ የራውተር ግዴታ እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2016 ጀምሮ ቀረ። ደንበኛው የወደደውን ይሰካል፤ ኩባንያው የመግቢያ ቃሉን ይሰጣል። ሕግ አውጪዎቹ ስለ ነፃነት አስበዋል፤ ስለ እኔ ግን ያሰበ የለም።

ልጁ ቀጠለና፣ የኪራይዋ ሳጥን በጓሮዋ አንዲት በር አላት አለኝ። ኩባንያው በዚያች በር ከሩቅ ሆኖ ይገባል፤ ያስተካክላል፣ ሶፍትዌሯን ይቀይራል፣ ሲያሰኘው በእኩለ ሌሊት አጥፍቶ ያበራታል። «ቲአር-069» ነው አሉ የሥርዓቱ ስም። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። የቴሌ ሰው ደንበኛ ቤት ካልገባ እንዴት ይጠግናል? እኔ በደረጃ ነበር የምገባው፣ እነሱ በሽቦ። ልጁ ግን ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በኖቬምበር 2016 መጨረሻ ላይ ክፉ ሰዎች ያቺኑ የጓሮ በር በየቤቱ እያንኳኩ የዶይቸ ቴሌኮምን 900,000 ያህል ደንበኞች ከኢንተርኔት አውጥተዋቸዋል። ሳጥኖቹን ለመማረክ ነበር ያሰቡት፤ ምርኮው አልሆነላቸውም፤ ሳጥኖቹ ግን ተዝለፈለፉ። ይህን ሲነግረኝ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። 900,000 ሰው ባንድ ጊዜ ስልክ ሲደውል ያ ሙዚቃ ስንት ሰዓት ቆይቶ ይሆን?

የሚጭንባት ሶፍትዌር ስሙ ኦፕንደብሊውአርቲ ይባላል። ከስሙ አጠራር ጀምሮ ምላስ ያሰናክላል። ልጁ ታሪኩን ሲያወራ እንደ ገድል ነው፤ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የሚባል ኩባንያ ሰማያዊና ጥቁር፣ ሁለት ቀንድ ያላት ሳጥን ገበያ ላይ ያወጣል፤ ደብሊውአርቲ54ጂ። በማግስቱ ዓመት ነገር የማይለቁ ልጆች ሆዷን ሲመረምሩ ሊኑክስን ያገኙታል። ሊኑክስ ደግሞ ፈቃዱ ጂፒኤል ነው፦ ወስደህ ሥራበት፣ አሻሽለው፣ ሽጠው፤ ስታከፋፍለው ግን አሠራሩንም አብረህ ስጥ ይላል። ሊንክሲስን ያን ጊዜ ሲስኮ ገዝቶት ነበር። ልጆቹ ወጥረው ያዙ፤ ኩባንያው ኮዱን አወጣ። ከዚያ ኮድ ተነሥተው በ2004 የራሳቸውን ጀመሩ፤ የስሙ ጭራ የቀረችው ከዚያች ባለ ሁለት ቀንድ ሳጥን ነው። እዚሁ ጀርመንም በዚያው ዓመት ሃራልድ ቬልተ የሚባል ፕሮግራመር ኮዱን ሳይሰጥ የሚሸጥ የራውተር ነጋዴን ሙኒክ ፍርድ ቤት አቅርቦ ረትቷል።

«አሠራሩን የደበቀ በሕግ ይጠየቃል ማለት ነው?» አልኩት። «አዎ።» ባለቤቴን አየኋት። የበርበሬዋን ቅመም ልክ ለገዛ እህቷ እንኳ ነግራ አታውቅም። ሙኒክ እንዳይሰሙ።

ከሁሉ የደነቀኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ድሮ ድሮ እያንዳንዱን እትም በመጠጥ ስም ነበር የሚሰይሙት። ኋይት ረሽያን፣ ካሚካዜ፣ ባክፋየር፤ ሁሉም ኮክቴል ነው። ስሙ ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ ሳጥኗ ውስጥ ስትገባ ከፊት ለፊትህ የሚጻፈው የመጠጡ አሠራር ነው፣ ይህን ያህል ቮድካ፣ ይህን ያህል የሎሚ ጭማቂ እያለ። በጾም ቀን! ከ15.05 እትም በኋላ በቁጥር ብቻ መጥራት ጀመሩ አለኝ ልጁ ሊያጽናናኝ። አመል መልቀቃቸው ደግ ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን ሲጠጡ ጠጅን አንድ ቀን እንኳ አለማስታወሳቸው ቅር አሰኝቶኛል።

የመጫኛው ምሽት ደረሰ። ሳጥኗ እንደበራች ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ሰው ትሰማለች፤ በዚያች ቅጽበት ካልተያዘች የቀድሞው ሶፍትዌሯ ይነሣና ጆሮዋን ትደፍናለች። ስለዚህ ልጁ ላፕቶፑ ላይ አድፍጦ፣ እኔ ስፒናው ላይ ተንበርክኬ፣ «አባባ ንቀል! አባባ ሰካ! ዘገየህ! ንቀል!» የቴሌ ሰው 27 ዓመት አገልግሎ መጨረሻው ይህ ነው። አመለኛ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ወገቤ እስኪቆረጥ ለፋሁ። በሰባተኛው ይሁን በስምንተኛው ተያዘች። «አሁን እየጻፈ ነው፣ መብራት ከተቋረጠባት ጡብ ትሆናለች» አለ ልጁ። በነሱ አፍ የሞተች ሳጥን ጡብ ሆነች ትባላለች። ጡብስ ለግንብ ይሆናል።

ይሄኔ ባለቤቴ ምጣዷን ታቅፋ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ወጥ ቤት ውስጥ ከሰካችው ቆጣሪ ይጥልባታል፤ ስለዚህ የምትጋግረው የኮሪደሩን ሶኬት ይዛ ነው። ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ስፒናው ስትሰድድ እኔም ልጁም ባንድ ላይ ጮኽን። «ምን ነካችሁ? ሊጡ ኩፍ ብሏል እኮ!» አለች። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ምጣድ እንደታቀፈች ቆማ ጠበቀች። እንደዚያ ስትታዘዝ በ46 ዓመት ትዳር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተሳካ። መብራቷ በራ። ልጁ ዘለለ። ከዚያ ዋይፋይ የለም። እንዴት? ቢባል፣ ይህ ሶፍትዌር ሲጫን ዋይፋዩ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ስምና የይለፍ ቃል እስኪሰጠው አይከፈትም፤ ሌባ እንዳይገባ ነው ተባለ። ልጄ ከክፍሏ ወጣች። «አባዬ፣ እርስዎም አብረው?» አለችኝ። ከዚህ በኋላ የመጣውን ግማሽ ሰዓት አላወራውም።

ይሁን፤ ሐቁን ልናገር። አንድ ነገር ተሻሽሏል። ድሮ የልጁ ታናሽ እኅት ቪዲዮ ስትጭን ባለቤቴ አዲስ አበባ ካለች እህቷ ጋር የምታወራው ይቆራረጥ ነበር፤ «ሄሎ? ሄሎ?» እንዳለች ትውላለች። ምክንያቱን ልጁ በሰባት ዓይነት ቃል ቢነግረኝ አልገባኝም፤ በኋላ በወፍጮ ቤት ገባኝ። አንዱ ነጋዴ አሥር ኩንታል ጤፍ ጭኖ ወፍጮ ቤት ይመጣል፤ ከኋላው አንዲት እናት አንድ ቁና ሽሮ ይዛ ትቆማለች። ክፉ ባለወፍጮ ተራ ተራ ነው ብሎ እስከ ማታ ያቆማታል። ደጉ ግን «እስቲ አንዴ አሳልፏት» ብሎ የሷን ጣል አድርጎ ፈጭቶ ይሸኛታል፤ ነጋዴው መዘግየቱን አያውቀውም። የድሮዋ ሳጥን ክፉ ባለወፍጮ ነበረች። በአዲሱ ውስጥ ያለው ደግ ባለወፍጮ ስሙ ማን ይባላል? ኬክ! እውነቴን ነው። ኮክቴሉ ሲያልቅባቸው ወደ ኬክ ዞሩ።

ደግሞም የወንድሜ ልጅ በ2015 መጠለያ ጣቢያ ሳለ እናቱን ያገኛት በነፃ ዋይፋይ ነበር። ፍራይፉንክ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች የሰቀሉት ነው፤ ሳጥኖቻቸው የሚሠሩት በዚሁ በኦፕንደብሊውአርቲ ላይ በተገነባ ሶፍትዌር መሆኑን የልጅ ልጄ ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ ለጥቂት ጊዜ የምለው አጣሁ። ልጁም አወቀብኝ፤ ስለዚህ ኩርፊያዬን ቀጠልኩ።

ችግሬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሽርሽር ሄዶ ሳለ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ሁሉም እኔን አየኝ። መነጽሬን አድርጌ ልጁ የጻፈልኝን ወረቀት ከዳዊቴ መሐል አወጣሁና የሳጥኗን አድራሻ፣ 192.168.1.1 ብዬ መታሁ። የለም። እየደጋገምኩ መታሁ። የለም። ልቤ ግን፣ አልዋሽም፣ ሞቅ ሞቅ አለው። ስልኩን አነሣሁ። ሙዚቃዋ ያችው ናት፤ አልቀየሯትም። ወንበር ሳብኩ። አንዷ አነሣች፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ገና «ይህን በዝምታ አላልፈውም» ከማለቴ፣ መስመሩ እስከ ቤታችሁ ድረስ ንጹሕ ነው፣ ራውተሩ ግን የራሳችሁ ስለሆነ እኛን አይመለከትም አለችኝ፣ በትሕትና። መልካም ቅዳሜ ተመኝታልኝ ዘጋችው። አራት ደቂቃ! አለቃዋን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ባትሪ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። መርፌ ይዣለሁ፤ ልጁ ሲቸግርህ በቀዳዳዋ ተጫናት ብሎኝ ነበር። መርፌው አላስፈለገም። የራውተሯ ስፒና ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ሶኬቱ ላይ የተሰካው የምጣዱ ነው። ምጣዱ ቀዝቅዟል፤ የጠዋቱ እንጀራ መሶብ ገብቷል።

ቀስ ብዬ ነቀልኩ፣ ቀስ ብዬ ሰካሁ። ማንም አልተናገረም፤ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች፣ ረጋች። ከሳሎን የካህኑ ድምፅ መጣ።

«ምን ሆኖ ኖሯል?» አለች ባለቤቴ።

ምጣዱን አየሁ። እሷን አየኋት።

«ኩባንያው ነው» አልኳት።

«የእጃቸውን ይስጣቸው!»

«አሜን» አልኩ።