የላላ ነገር አልወድም

ጎረቤቶቼ «ኢንጂነር» ይሉኛል። ጥፋቱ የእነሱ ነው ብዬ ነገሩን እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ይለኝ ነበር። ግን «ኢንጂነር!» ሲባል ዞር ብዬ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ሜካኒካል ምህንድስና መማሬ እውነት ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ግን የሠራሁት የጨረታ ሰነድ ብቻ ነው። 14 ዓመት ሙሉ «ዕቃው ጠንካራ፣ ዝገት የማይበግረውና ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል መሆን አለበት» እያልኩ ጻፍኩ። ይህ እንዴት እንደሚሆን የጠየቀኝ ተጫራች አልገጠመኝም። ቢጠይቀኝም መልሱን ከሌላ ሰነድ ነበር የምገለብጠው።

የምንኖረው ጀሞ ነው፣ ኮንዶሚኒየም። ከብሎካችን ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ድሮ የብረት ክዳን ነበረው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንነሳ ጉድጓዱ አለ፣ ክዳኑ የለም። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም፤ ብረት በኪሎ የሚገዛ እስካለ ድረስ ክዳን እግር አለው። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ቻይና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣችው መመሪያ የማንሆል ክዳን መስረቅ የሕዝብን ደኅንነት አደጋ ላይ እንደ መጣል ተቆጥሮ እስከ ማስከሰስ ይደርሳል። የእኛ ብሎክ ያወጣው መመሪያ ደግሞ ጉድጓዱ ላይ አሮጌ ጎማ ማስቀመጥና ጎማው መሀል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መትከል ነበር።

ኮሚቴው ደረጃው ሥር ተሰበሰበ። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን «ክዳኑን ከሲሚንቶ እናስሞላው። ሲሚንቶ ማን ይሰርቃል?» አሉ። ርካሽና ጤነኛ ሐሳብ ነበር፤ እዚያው ማለቅ ይችል ነበር። እኔ ግን ተነሳሁ። 80 በ80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ክዳን ከ150 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን፣ ሽንት ቤት የሚመጥጠው መኪና በመጣ ቁጥር አራት ጎረምሳ መለመን እንደሚያስፈልግ በስልኬ ካልኩሌተር አስልቼ አሳየኋቸው። ከ8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሠራ ግን 40 ኪሎ ገደማ ነው። ማጠፊያ ከተደረገለት የሚያነሳው ሰው ግማሹን ብቻ ይሸከማል፣ ሌባም ይዞት አይሄድም። እዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ትክክል ስናገር ደግሞ ማቆም አይሆንልኝም። ኢኤን 124 ስለሚባለው የአውሮፓ የማንሆል ክዳን ደረጃ ቀጠልኩ። ለእግረኛ መንገድ ከሚበቃው ኤ15 ተነስቼ አውሮፕላን እስከሚንከባለልበት ኤፍ900 ድረስ ዘለቅሁ። ዲ400 የሚባለው 40 ቶን ገደማ እንደሚችል ስናገር ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ 40 ቶን እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን በልቤ «ቆይ ታያላችሁ» አልኩ። ሙያ በልብ ነው ይላሉ። የእኔ በአፌ ነበር።

ክዳኑ ከላሜራ ይሁን ተባለ። የመጀመሪያውን ማጠፊያ ከሱቅ ገዛሁት። ሁለት ተራ የግቢ በር ማጠፊያ ነው፤ እርስ በርሱ ልክክ ያለ፣ ስትነቀንቀው ጨርሶ የማይነቃነቅ። ባለሱቁ ትንሽ የሚላላ ሌላ ዓይነት ቢያሳየኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። የላላ ነገር አልወድም። የቧንቧ ውሃ ስዘጋ ላስቲኩ እስኪጨፈለቅ አጠብቃለሁ፤ ባለቤቴ ጉጠቱን የምትደብቅብኝ በዚህ ነው። ክዳኑ የተገጠመ ቀን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ለጎረቤት አሳየሁ። አስራ አንድ ጊዜ። የቆጠረችው የጎረቤት ልጅ ናት።

ሐምሌና ነሐሴ አለፉ። መስከረም ላይ የመምጠጫው መኪና መጣ። ክዳኑ ንቅንቅ አላለም።

የሆነውን አሁን ልናገረው እችላለሁ፤ ያኔም ልናገረው እችል ነበር፣ መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ የሚይዘው ቦታ ከበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ልክክ ባለ ማጠፊያ ውስጥ ያ ዝገት የሚሄድበት ስለሌለው ወንዱንና ሴቷን አጣብቆ አንድ ብረት ያደርጋቸዋል። የእኔ ማጠፊያ ደግሞ የተንጠለጠለው ጉድጓዱ አፍ ውስጥ ነው። ከላይ የክረምቱ ዝናብ፣ ከታች ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይደርሱታል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይባላል። ከውሃው በላይ ያለው እርጥብ ግድግዳና ብረት ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀይሩታል፤ ባትሪ ውስጥ ያለው ማለት ነው። እኔ «ዝገት የማይበግረው» ብዬ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ የበር ማጠፊያ አሲድ ላይ ሰቅዬ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ።

ናፍታ አፈሰስንበት። በመዶሻ መታነው። «እናንተ አታውቁበትም» ብዬ መዶሻውን ተቀበልኩና የግራ አውራ ጣቴን መታሁ። ጥፍሩ እስከ ጥር ድረስ ጥቁር ነበር። በመጨረሻ ማጠፊያው ሳይሆን ብየዳው ተገነጠለና ክዳኑ ብድግ አለ። የመኪናው ረዳት ቱቦውን እየሰደደ «ይሄን የሠራው ማነው?» ሲል ሁሉም ዝም አሉ። በዚህ ብሎክ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ የተዋለልኝ ትልቁ ውለታ ነው።

ሁለተኛውን በትህትና ጀመርኩ ብል ውሸት ነው። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ንድፍ ሠራሁ። ንድፉ ቆንጆ ነበር፤ አሁንም አለኝ። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ፔርኖ፣ በዙሪያው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ ክፍተት። ይዤው ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ወዳለ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። (ላሜራ፣ ፔርኖ፣ ቶርኖ፤ የብረት ሥራችን ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። አማርኛው የሚሰማው ሲረግሙ ነው።) ቶርኖ ሠሪው ወረቀቱን ገልብጦ አየና «የምን ሞተር ነው?» አለኝ።

«ሞተር አይደለም። የፍሳሽ ክዳን ነው።»

ወረቀቱን እንደገና አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ዋጋውን ነገረኝ። ከጎረቤቱ መዋጮ የጎደለውን ከኪሴ ሞላሁ፤ ይህንን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እዚህ ካነበበች ታገኘዋለች።

ፔርኖው አልዛገም። የዛገው ያቀፈው ተራ ብረት ነው። የማይዝግና ተራ ብረት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ ተራው ብቻውን ከሚዝገው ይብስ ይፈጥናል። ይህንንም ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበት ነበር። ግን የሰበረው ዝገቱ አልነበረም። ማጠፊያውን በንድፉ መሠረት ልክ በልክ ስላስቀመጥኩት ክዳኑ በማጠፊያው በኩል ጠርዙ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተኛም፤ የወረቀት ክምር የምታህል ክፍተት ቀረች። መኪና ሲያልፍበት ክብደቱን መሸከም የነበረበት ዙሪያውን ያለው ጠርዝ ነው። እኔ ጋ የተሸከመው ማጠፊያው ነው። አንድ ጎረቤት ቤቱን ሴራሚክ ሲያስነጥፍ አሸዋ የጫነ አይሱዙ አስገባ። በሦስተኛው ምልልስ ማጠፊያው ቀጭ አለ። ከአራተኛ ፎቅ ሰማሁት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይከፋል፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ ባለኝ። ማጠፊያ ያለው ክዳን መንገድ ላይ ሲገጠም ማጠፊያው የሚሆነው መኪና በሚመጣበት በኩል ነው። ጎማው መጀመሪያ ማጠፊያውን ያልፋል፤ ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ቢቀር እንኳ መኪናው ረግጦ ይዘጋዋል። በተቃራኒው ከተገጠመ የሚመጣውን መኪና የሚቀበለው የተነሳው አፍ ነው። እኔ በተቃራኒው አስገጠምኩት። ምክንያት ነበረኝ። በዚያ በኩል ሲሆን፣ ስከፍተው ፊቴ ወደ ተመልካቹ ይሆናል።

የአንዲት ቪትዝ ባምፐር ከፈልኩ።

ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ለሲሚንቶ ድምፅ ሰጠ። አንድ ድምፅ ብቻ ተቃወመ፤ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ሲሚንቶው ሳይሞላ እስቲ ሚካኤል ጋ ያለውን በያጅ ልጅ ጠይቀው፤ የቤቴን በር ያስተካከለልኝ እሱ ነው» አሉኝ። የልጁን ሱቅ አውቀዋለሁ። በየቀኑ አልፈዋለሁ። አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም፤ መነጽር ሳያደርግ ሲበይድ አይቼ «ባለሙያ አይደለም» ብዬ ፈርጄበት ነበር።

ንድፌን አሳየሁት። በዘይት እጁ እንዳይነካው ከሩቅ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ በጣም ጠበቀ።»

«መጥበቅማ አለበት!»

«ጭቃ የት ይሂድ?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሁሉ ንድፍ ውስጥ ጭቃ የለም። ዝናብም የለም። ነጭ ወረቀት ላይ ምን ጭቃ አለ?

እሱ የሠራው እንዲህ ነው። ከወፍራም ብረት ሁለት ጆሮ ቆረጠ። ቀዳዳቸውን ክብ ሳይሆን ቁመቱ ረዘም ያለ፣ የእንቁላል ቅርፅ አደረገው። በ22 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ውስጥ 16 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል ብረት ከተተ፤ ሌባ መትቶ እንዳያወጣው ሁለቱን ጫፍ በብየዳ አሳበጠው። ከጆሮዎቹ ሥር ምንም ነገር የለም፤ ጭቃም ውሃም የገባው ወደ ታች ይወድቃል። ክዳኑ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከቀጥታ ትንሽ ወደ ኋላ ዘመም ብሎ ብረት ላይ ይደገፋል፣ ነፋስ መልሶ ሰው ጣት ላይ እንዳይጥለው። ማጠፊያውንም በመኪናው መምጫ በኩል አደረገው። ይህንን ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት። «መኪና ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ።

ክዳኑን ነቀነቅሁት። ተንገጫገጨ። በጣም ተንገጫገጨ። ሆዴ ባባ።

«ይሄማ ላላ!»

«ይላላ ጋሼ። ተኝቶ ሲውል የሚሸከመው ጠርዙ ነው። ማጠፊያው ሥራ ያለው ሲነሳ ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ይረፍ።»

የመንገጫገጩን ነገር አሮጌ ካላማዳሪ በቢላ ቀዶ፣ በጠርዙ ዙሪያ ሥር አንጥፎ ዝም አሰኘው። እኔ ያን ጊዜ በሐሳቤ የት ሄድኩ መሰላችሁ? መንዝ፣ አያቴ ቤት። የሳንቃው መዝጊያ ብረት የሚባል አያውቅም ነበር። ከራሱ ከእንጨቱ የወጣ ጉጥ ከታች ደፉ ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ፣ ከላይ ደግሞ በመቃኑ ራስ ላይ ይዞራል። ቀዳዳው ከጉጡ ሰፊ ነው። በክረምት እንጨቱ ሲያብጥም ይዞራል፣ በበጋ ሲሟሽሽም ይዞራል። ሲከፈት ያቃስታል። በልጅነቴ «ለምን አያጠብቁትም?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ኋላ ምህንድስና እንድማር ያበቃኝ ይህ ጥያቄ ነው እያልኩ በየግብዣው አወራለሁ። ጥያቄው ራሱ ስህተት መሆኑን ግን ጀሞ ላይ፣ ፍሳሽ ጉድጓድ ጫፍ ቆሜ ነው ያወቅሁት።

ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚሠራው ስልክ ነው ሲባል እሰማለሁ። በነፋስ ብቻ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚስማማ ክፍለ ከተማ የለም።

ሙሉ በሙሉ መሸነፍ ከበደኝ። ልጁ ፀረ ዝገቱን ቀይ ሊቀባ ሲል «አይ፣ ከላይ አረንጓዴ ይሁን» አልኩ። «እሺ ጋሼ» ብሎ አረንጓዴ ቀባው። ከዚያ ክዳን ውስጥ የእኔ ድርሻ ቀለሙ ነው።

ሁለት ክረምት አለፈበት። ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ባለፈው ሰሞን በአንድ እጃቸው ከፍተውት አገኘኋቸው፤ የመምጠጫው መኪና እስኪመጣ ለምን ይጠበቃል ብለው። የእኛ መታጠቢያ ቤት በር ግን አሁንም በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ይጮሃል። ባለቤቴ «የማንሆሉን ልጅ ጥራው» ትላለች። እኔ እሠራዋለሁ እያልኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከጎረቤት ብሎክ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መጡ። የእነሱም ክዳን ተወስዷል። «ኢንጂነር፣ ያንተ አልተሰረቀም፣ አልተሰበረም፤ እስቲ አሳየን» አሉ። ተንበርክኬ አስረዳኋቸው። ፔርኖው ስድስት ሚሊ ሜትር መላላት እንዳለበት፣ ጭቃ የሚወርድበት እንደሚያስፈልግ፣ ክብደቱን ጠርዙ እንጂ ማጠፊያው መሸከም እንደሌለበት ነገርኳቸው። «ማጠፊያ በቀረው ጊዜ ይረፍ» የሚለውንም ጨመርኩ፣ ጥሩ ስለሚመስል። አንደኛው በስልኩ ቀዳኝ። በያጁ ልጅ በዚያች ሰዓት ኤሌክትሮድ በፌስታል አንጠልጥሎ እያለፈ ነበር። ቆም አለና «ልክ ናቸው፣ እንደዚያ ነው» ብሏቸው ሄደ።

ሰዎቹ «የሚበይድልን ሰው ታውቃለህ?» ሲሉ ስልኩን እልክላችኋለሁ አልኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው። አልላክሁም።