ምንጭ፦ አጎቴ

ሰው ሲበድል ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ አባም ሰምተው፣ ቀኖና ሰጥተው፣ ነገሩን ይዘውት ይሞታሉ። ውክፔዲያ ላይ የሠራሁት ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀበርም። ያስገባኋት እያንዳንዷ ቃል ከነስሜና ከነሰዓቷ በለውጥ ታሪኩ ገጽ ላይ ተመዝግባለች፤ ብሰርዛት መሰረዜም ይመዘገባል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቆፍሮ ሳያወጣብኝ ራሴ ልናዘዝ።

የነካካሁት የጠቅላይ ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን የሕይወት ታሪክ ነው። ምንጩ ጥቂት፣ ውዳሴው ብዙ ሆኖ ስላገኘሁት ታጥቄ ተነሣሁ። መጀመሪያ ሌሎች የጻፉትን ቅጽል አንድ በአንድ ለቀምኩ። «ስመ ጥር» ወጣ፣ «ወደር የለሽ» ወጣ። ኢንሳይክሎፔዲያ ገለልተኛ መሆን አለበት እኮ! ከዚያ በተለቀቀው ቦታ የራሴን አስገባሁ፦ «ብልሁ»፣ «አርቆ አሳቢው»፣ «ታላቁ ዲፕሎማት»። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉኝ ኖሮ፣ የእኔው እውነት ነው እላችሁ ነበር።

ቅጽሉን ባስወግደውም ግሡ አለ። አክሊሉን «ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ተሾሙ» ስል ቆይቼ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋ ስደርስ «መጣ፣ አዘዘ» ሆነ። አንዱ አርታኢ «ወይ ሁሉንም አንቱ በል፣ ወይ ማንንም አትበል» ሲለኝ ለክርክር ተነሣሁ፤ ክርክሩ ከጽሑፉ ረዘመ። እሱ ትክክል ነበር። እስካሁን ግን ለመንግሥቱ «መጡ» ብሎ መጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉድ ደግሞ አለ። ካነበብኩት የሚበዛው እንግሊዝኛ ስለነበር ዓመቱን ወደ እኛ መመለስ ነበረብኝ። ሰባት መቀነስ ማን ያቅተዋል? አክሊሉ ሥልጣን የለቀቁት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1974 ነው፤ ሰባት ቀንሼ የካቲት 1967 አልኩ። የተገደሉት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው፤ ሰባት ቀንሼ ኅዳር 1967 አልኩ። በእኔ ስሌት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኅዳር ተረሽነው በየካቲት ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ የሚቀነሰው ስምንት መሆኑን ተማሪ ልጅ ያውቀዋል። ጽሑፉ እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ከረመ። የጎብኚውን ቁጥር በየማለዳው እያየሁ «ሕዝቡ እያነበበ ነው» እል ነበር፤ «አባዬ፣ ሁሌ የምትከፍተው አንተው ነህ እኮ» ያለችኝ ልጄ ናት። በመጨረሻ ስሙን ያልገለጸ ሰው ገብቶ 7ቷን በ6 ተካና ሄደ። አንዲት የስድብ ቃል እንኳ አልተወልኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የምንጭ ነገር ከዚህም ይብሳል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንባቢ ራሱ ሄዶ ሊያረጋግጠው የማይችለው ነገር አይጻፍም። አጎቴ ግን በጃንሆይ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አክሊሉንም በዓይናቸው አይተዋቸዋል፣ ከመኪና ሲወርዱ። ከዚያች እይታ ተነሥተው ቡና ላይ ያወጉኝ ወግ ግማሽ ገጽ ሞላልኝ። አንድ ሰው ከጎኑ «ምንጭ?» ብሎ ምልክት አደረገበት። እኔም «አጎቴ» ብዬ መለስኩ። አጎቴ ወጉ እንደተሰረዘ ስነግራቸው ተቆጡ፦ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ይደውሉልኝ!»

አፍሬ ወደ መጽሐፍ ሄድኩ። ያነሣኋቸው ሁለት ናቸው፤ አክሊሉ እስር ላይ ሆነው የጻፉት ማስታወሻ፣ እና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አማካሪ የነበሩት አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት «ኢትዮጵያ አት ቤይ»። አንዱ ባለታሪኩ ራሳቸው፣ ሌላው ባልደረባቸው። የባሕሩ ዘውዴ የታሪክ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነበር፤ ደስታዬን እንዳያበላሽብኝ ብዬ አልገለጥኩትም።

የወጣውን ውጤት መገመት አያቅትም። እ.ኤ.አ. የ1945ቱን የሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት መመሥረቻ ጉባኤ፣ የ1946ቱን የፓሪስ የሰላም ጉባኤ እያጣጣምኩ ጻፍኩ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ያሳለፈውን ውሳኔ ቁጥሩን ሳይቀር፣ 390 ብዬ አሰፈርኩ። ፌዴሬሽኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን እንደነበር ግን አልጻፍኩም። እሳቸው ነበሩ። የወሎን ረሃብ ጨርሶ ዘለልኩት። በ1965 ዓ.ም. ገበሬው በመንገድ ዳር ሲረግፍ የካቢኔው መሪ እሳቸው ነበሩ፤ ሚኒስትሮቻቸውን የመምረጥ ሥልጣን ካገኙም ዓመታት አልፈው ነበር። «ይህ የዘመኑ ችግር ነው፣ የሰውየው አይደለም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ድሉ ለእሳቸው፣ ጥፋቱ ለዘመኑ። እርግጥ የመጨረሻው ቃል የጃንሆይ ነበር፤ ይህም መጻፍ ያለበት ነው። ግን ሳን ፍራንሲስኮ ላይም የመጨረሻው ቃል የጃንሆይ ነበር።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? አሟሟታቸው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ስድሳ ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ወንድማቸው አካለ ወርቅም አብረው። ሌላው ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ ቀደም ብሎ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ተገድለዋል። እንዲህ ባለ ቤት ላይ ነቀፋ መጻፍ ሟችን ዳግመኛ መግደል መሰለኝ። ደርግ ሳይሰማ ፈረደ፤ እኔ ሳልሰማ በነፃ ለቀቅሁ።

አሁን ስለ ፌዴሬሽኑ መፍረስ አንድ አንቀጽ ገብቷል፤ ስለ ወሎም እንዲሁ። የወሎው ገና ቀጭን ነው። ጽሑፉ ለማንም ክፍት ስለሆነ መጽሐፍ ያላችሁ የገጹን ቁጥር ጨምራችሁ አስፉት። አጎት ብቻ ያላችሁ ግን ትንሽ ታገሡ።